የጃፓንን ሙዚቃ ከቤት ሆኖ መከታተል፦ የሚጠቅሙ ድረ ገጾችና አጠቃቀማቸው ደረጃ በደረጃ

ኪቦርድ የሚጫወት ሰው አጠገባችሁ ካለ ትዝታ ማይነርን አስመቱት። ከሲ ከተነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት ይሆናል። ጃፓኖች ኮቶ የሚባለውን ባለ 13 ክር መሣሪያቸውን ሂራጆሺ በሚሉት ስልት ሲቃኙት የሚወጡት አምስት ድምፆችም በርቀታቸው እነዚሁ ናቸው። አሁን አምባሰልን አስመቱት፤ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ይህ ደግሞ ሻሚሰን በሚባለው ባለ ሦስት ክር መሣሪያና በኮቶ የሚጫወቱት የድሮ የከተማ ሙዚቃቸው ቅኝት ነው። ሚያኮ ቡሺ ይሉታል። ባቲ ማይነር ሚንዮ በሚባለው የገጠር ዘፈናቸው ውስጥ አለ። ባቲ ሜጀር ወደ ደቡብ ወርዶ በኦኪናዋ ደሴቶች ይገኛል። ትዝታ ሜጀር ደግሞ በልጆች መዝሙሮቻቸውና ኤንካ በሚባለው ዘፈናቸው ሞልቷል።

ይህ ሁለቱን ሙዚቃ አንድ አያደርጋቸውም። ምቱ ሌላ ነው፣ ድምፁ የሚሰበርበት መንገድ ሌላ ነው፣ ዜማው የሚያርፍበት ቦታም ይለያል። ግን በእኛ ቅኝት ያደገ ጆሮ ጃፓን ሲደርስ ባይተዋር አይሆንም። ለዚህ ነው ኤንካ የሰማ ሰው «ይሄ የእኛ አይደለም እንዴ?» የሚለው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ደስ ያለንን ዘፈን ተከትለን ስንፈልግ ዩቲዩብ ያንኑ አምስት ስድስት ዘፈን እየመላለሰ ያመጣልናል። ከዚያ ወዲያ በሩን የሚከፍቱት ሌሎች ድረ ገጾች ናቸው። በተራ እንያቸው።

የድረ ገጾቹን ስም እንደሚነበበው አድርጋችሁ በላቲን ፊደል ጎግል ላይ ጻፉት፤ ይመጣል።

1. ስሙን በጃፓንኛ ፊደል ያዙ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። የጃፓን ኢንተርኔት የሚፈለገው በጃፓንኛ ነው። የዘፋኙን ስም በላቲን ፊደል ስትጽፉ የሚመጣላችሁ ለውጭ ሰው ተብሎ የተዘጋጀው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው። ሱቆቹ፣ ጨረታዎቹ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በሌላኛው በኩል ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ዊኪፒዲያ ላይ የዘፋኙን የእንግሊዝኛ ገጽ ክፈቱ። የቋንቋ ምርጫውን ንኩና ጃፓንኛን ምረጡ። አናት ላይ በትልቁ የሚታየው ርዕስ ትክክለኛው የስሙ አጻጻፍ ነው። ኮፒ አድርጉና ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ አስቀምጡት። ከዚህ በኋላ የትም ስትፈልጉ እሱን እየለጠፋችሁ ነው። የጃፓን ስም የቤተሰቡ ቀድሞ ነው የሚጻፈው። በእንግሊዝኛ ታትሱሮ ያማሺታ የሚባለው ዘፋኝ እዚያ ያማሺታ ታትሱሮ ነው። እሱን በምሳሌነት ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ሲቲ ፖፕ የሚባለው የ1970ዎቹና የ80ዎቹ የከተማ ሙዚቃ ሲነሳ ስሙ ከፊት ይጠራል፤ ዘፈኖቹን ግን ለስትሪሚንግ አልሰጠም። እሱን የፈለገ ሰው ሲዲ ወይም ሸክላ መፈለግ አለበት። ለዚያ ደግሞ የስሙ ትክክለኛ አጻጻፍ የግድ ነው።

ቃላትን ለማግኘት ጂሾ የሚባለው መዝገበ ቃላት አለ። በላቲን ፊደል እንደሚነበበው ስትጽፉለት የጃፓንኛውን አጻጻፍ ከነትርጉሙ ያወጣላችኋል። እነዚህን ከወዲሁ ፈልጋችሁ ያዙ፦ ቹኮ፣ ያገለገለ ዕቃ ማለት ነው። ሚካይፉ፣ ያልተከፈተ። ሚሆንባን፣ ለማስታወቂያ የተሰጠ ናሙና ሸክላ። ዶሳ ካኩኒን ዙሚ፣ መሥራቱ የተረጋገጠ። ጃንኩ፣ ይህን ወደ በኋላ በሰፊው እመለስበታለሁ።

ትንሽ ጊዜ ያለው ካታካናን ይማር። ከጃፓንኛ ፊደላት አንዱ ሲሆን የባዕድ ቃላት የሚጻፉበት ነው። መሠረታዊዎቹ 46 ናቸው። እንደኛው ፊደል አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ስለሚይዝ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ብዙ ሰው ሂራጋና የሚባለውን ሌላኛውን ፊደል አስቀድሙ ይላል። ለሙዚቃና ለድምፅ ዕቃ ወዳጅ ግን እኔ ካታካናን ነው የማስቀድመው፤ ምክንያቱም አምፕ፣ ስፒከር፣ ሬኮርድ፣ ጃዝ የሚሉት ቃላት ሁሉ የሚጻፉት በሱ ነው። ቶፉጉ የሚባለው ድረ ገጽ በሥዕል እያስደገፈ በነጻ ያስተምራል።

2. ከቅኝት ተነስታችሁ አዳምጡ

የጃፓን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሬኪዮን የሚባል የድምፅ ማኅደር አለው። ከ1900 አካባቢ እስከ 1950 አካባቢ የተቀረጹ የድሮ ሸክላዎች ወደ ዲጂታል ተለውጠው የተቀመጡበት ነው። በጠቅላላው 50,000 ያህል ቅጂዎች አሉት። ሁሉም ከውጭ አይከፈቱም። አብዛኞቹ የሚደመጡት በቤተ መጻሕፍቱና አብረውት በሚሠሩ ተቋማት ውስጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ስትገቡ በኢንተርኔት የሚደመጡትን ብቻ አሳየኝ የሚለውን ምርጫ ምልክት አድርጉ። የመብት ዘመናቸው ያለፈ ብዙ ቅጂዎች ይወጣሉ፤ መመዝገብም መክፈልም የለም።

ከዘርፎቹ መካከል ሚንዮን ምረጡና አንዱን ክፈቱ። የመርፌው ጩኸት አያስደንግጣችሁ፤ ከደቂቃ በኋላ ጆሮ ይለምደዋል። ቀጥሎ ናጋውታን ሞክሩ። ከካቡኪ ቲያትር ጋር የሚሄድ የሻሚሰን ዘፈን ነው። ከዚያ ናኒዋቡሺ፤ አንድ ሰው በሻሚሰን እየታጀበ ታሪክ የሚተርክበትና የሚያዜምበት። ቃሉን ባትሰሙም ተራኪው መቼ እንደሚናገርና መቼ ወደ ዜማ እንደሚገባ ይታወቃችኋል።

አሁን አንድ ልምምድ ልስጣችሁ። ስልካችሁ ላይ የፒያኖ መተግበሪያ ጫኑ። ሻሚሰን ወይም ኮቶ ያለበትን ቅጂ ከፍታችሁ ዜማው ደጋግሞ የሚያርፍበትን አንድ ድምፅ በፒያኖው ፈልጉ። አገኛችሁት? ከዚያ ድምፅ ተነስታችሁ አምባሰልን ምቱ። ብዙ ጊዜ አብሮ ይሄድላችኋል። ካልሄደ አምባሰሉን ከአራተኛው ወይም ከሦስተኛው ድምፅ እንደጀመረ አድርጋችሁ ሞክሩ። በዚህ ጊዜ ልዩነቱ ፍንትው ይላል። ድምፆቹ ያው አምስት ሆነው ጃፓኑ ቤቴ ብሎ የሚገባበት ድምፅ የእኛ ዘፋኝ ከሚገባበት ሊለይ ይችላል። ክራር የሚጫወት ሰው ይህን ከማንም ቀድሞ ይይዘዋል።

የመሣሪያዎቹን ድምፅ ለይቶ ለማወቅ ደግሞ የጃፓን የኪነ ጥበባት ምክር ቤት ያዘጋጀው የባህል ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት አለ። ካቡኪን፣ የጭምብል ቲያትሩን ኖህን፣ የአሻንጉሊት ቲያትሩን ቡንራኩንና የቤተ መንግሥቱን ሙዚቃ ጋጋኩን በምስልና በድምፅ ያስረዳል። አብዛኛው በጃፓንኛ ነው፤ የብሮውዘራችሁን ትርጉም አብሩት። እዚህ ላይ አንድ ምክር፦ ከጃፓንኛ ቀጥታ ወደ አማርኛ ከማስተርጎም ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎሙ ለጊዜው የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

ኦኪናዋን አትርሱ። ሳንሺን የሚባለው ባለ ሦስት ክር መሣሪያ በእባብ ቆዳ የተለበጠ ነው። ዘፈናቸው ከዋናው የጃፓን ምድር ይለያል፤ ከፈገግታ ጋር የሚሄድ ብሩህ ነገር አለው። ባቲ ሜጀርን የሚወድ ሰው እዚያ ይቀራል።

3. ድምፁ የበቀለበትን ባህል እወቁ

ጃፓኖች ለድምፅ ያላቸው አክብሮት ለእኔ ከሙዚቃው እኩል ያስደንቀኛል። በ1996 የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሊጠበቁ ይገባል ያላቸውን 100 የአካባቢ ድምፆች መርጦ በዝርዝር አውጥቷል። የቤተ መቅደስ ደወል፣ የባሕር ሞገድ፣ የወፍና የነፍሳት ድምፅ፣ የበዓል ከበሮ ሁሉ አሉበት። አስቡት፤ ሕንጻ ወይም ተራራ ሳይሆን ድምፅ እንደ ቅርስ ተቆጥሮ ማለት ነው።

ይህን በጆሮ ለመስማት ሁለት ድረ ገጾች አሉ። ፍሪሳውንድ በ2005 ባርሴሎና ካለው የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ፣ ሰዎች የቀረጹትን ድምፅ በነጻ የሚያካፍሉበት ማኅደር ነው። ሬዲዮ አፖሬ ደግሞ ድምፁን በካርታ ላይ ያስቀምጣል። ካርታውን ጃፓን ላይ አጉሉና ነጥቦቹን ንኩ፤ ቶኪዮ ባቡር ጣቢያ፣ ኪዮቶ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ዝናብ፣ ገበያ። ፍሪሳውንድ ላይ ሱይኪንኩትሱ ብላችሁ በላቲን ፊደል ፈልጉ። በአትክልት ቦታ መሬት ውስጥ ተደፍቶ የተቀበረ፣ ቂጡ የተበሳ እንስራ ነው። ውኃ ጠብ ሲል ከውስጥ የሚወጣው ድምፅ እንደ ኮቶ ክር ይደውላል። በሄድፎን ስሙት።

ጃዝ ኪሳን ያላወቀ ሰው ጃፓኖች ለምን እንዲህ ያለ የድምፅ ዕቃ እንደሚሠሩ አይገባውም። ሸክላ እጅግ ውድ በነበረበት ዘመን ሰው አንድ ቡና አዝዞ፣ በትልልቅ ስፒከር፣ ባለቤቱ የመረጠውን ሸክላ የሚያዳምጥባቸው ካፌዎች ናቸው። በብዙዎቹ ማውራት ክልክል ነበር። ዮኮሃማ ያለው ቺጉሳ የተከፈተው በ1933 ነው። የቀሩትን በፎቶ የሚመዘግብ ቶኪዮ ጃዝ ጆይንትስ የሚባል ፕሮጀክት አለ፤ ድረ ገጹን ገብታችሁ ፎቶዎቹን ተመልከቱ። ግድግዳ ሙሉ ሸክላ፣ ጥግ ላይ ካቢኔ የሚያህል ስፒከር፣ ጢስ ያጠቆረው ጣሪያ።

ሌሎቹን ቶሎ ልጥቀስና ልለፍ። የድሮ የእንጨት ሕትመት ሥዕሎችን ለሚወድ ዩኪዮ ኢ የሚለው ድረ ገጽ የብዙ ሙዚየሞችን ስብስብ በአንድ ላይ ይፈልጋል። ፎቶ ስትጭኑለት ያንኑ ሥዕል ሌላ ቦታ ያለበትን ያወጣል። አኦዞራ ቡንኮ ከ1997 ጀምሮ የመብት ዘመናቸው ያለፈ የጃፓንኛ መጻሕፍትን በነጻ ያቀርባል። ኤን ኤች ኬ ዎርልድ ቋንቋውን ከዜሮ ለሚጀምር በድምፅ የሚሰጥ ነጻ ትምህርት አለው። የጃፓን ኤፍ ኤም ጣቢያዎችን የሚያስተላልፈው ራዲኮ ግን ከጃፓን ውጭ ስለማይከፈት አትድከሙ።

4. የወደዳችሁትን ሥራ እትሙን ለዩ

ዲስኮግስ በ2000 የተጀመረ የሸክላና የሲዲ መዝገብ ነው። ትልቁ ጥቅሙ አንድን አልበም እንደ አንድ ነገር አለማየቱ ነው። በ1978 የታተመው፣ በ1985 በሲዲ የወጣው፣ በኋላ እንደገና የታተመው እያንዳንዱ የየራሱ ገጽ አለው። የጃፓን እትም ለመፈለግ የዘፋኙን ስም ከጻፋችሁ በኋላ ከጎን ካሉት ማጣሪያዎች አገር በሚለው ጃፓንን፣ ቅርጽ በሚለው ሸክላ ወይም ሲዲ ምረጡ።

ከዚያ የካታሎግ ቁጥሩን ተመልከቱ። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ነው፤ ሸክላው መሐል ያለው ክብ ወረቀት ላይና በኦቢው ላይ ይገኛል። ኦቢ በጃፓን እትሞች ሽፋን ላይ የሚጠመጠመው ቀጭን የወረቀት መቀነት ነው። ዋጋውና ቁጥሩ ተጽፎበታል። ብዙ ሰው ድሮ ቀድዶ ይጥለው ስለነበር ኦቢው ያለ ሸክላ ከሌለው ይበልጥ ይወደዳል። እጃችሁ ላይ ያለው ሸክላ የትኛው እትም እንደሆነ ሲያጠራጥራችሁ ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ያለውን ለስላሳ ክፍል በመብራት ሥር አጋድላችሁ ተመልከቱ። በጣም ትንንሽ ሆነው የተቀረጹ ቁጥሮች አሉ። እነሱን ዲስኮግስ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። የሚዋሽ የለም፤ ሽፋን ይቀያየራል፣ ያ ቁጥር ግን ሸክላው ላይ ነው ያለው።

እዚያው ገጽ ላይ ከዚህ በፊት የተሸጠበት ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ዋጋ ይታያል። ሻጭ ከጠራው ዋጋ በፊት መካከለኛውን ተመልከቱ።

ቀን ስታነቡ አንድ ነገር እወቁ። ጃፓኖችም እንደኛው የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር አላቸው፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይቆጥራሉ። ሾዋ የሚል ካያችሁ 1925 ደምሩበት፤ ሾዋ 55 ማለት 1980 ነው። ሄይሴይ ከሆነ 1988፣ ሬይዋ ከሆነ 2018 ደምሩ። ሁለት አቆጣጠር ይዞ ለሚኖር ሰው ይህ ምንም አይደለም።

የአኒሜና የቪዲዮ ጌም ሙዚቃ ለሚወድ ዲስኮግስ ሳይሆን ቪጂኤምዲቢ ነው ትክክለኛው ቦታ። አቀናባሪው፣ ተጫዋቹ፣ የዘፈኖቹ ስም በጃፓንኛም በላቲንም ፊደል ተዘርዝሮ ይገኛል። ኮምፒውተራችሁ ላይ የተዝረከረኩ ፋይሎችን ስማቸውን ለማስተካከል ደግሞ ሙዚክብሬይንዝ የሚያቀርበውን ፒካርድ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ተጠቀሙ።

5. ፋይል ስትገዙ ጥራቱን ራሳችሁ መርምሩ

ባንድካምፕ በ2008 የተጀመረ ነው። አዳምጦ ወስኖ መግዛት ይቻላል። የገዛችሁትን ጥራቱን ሳይቀንስ በሚያስቀምጠው የፋይል ዓይነት በፍላክም፣ በኤምፒ3ም ማውረድ ትችላላችሁ። ብዙ የጃፓን ሙዚቀኞችና ትንንሽ አሳታሚዎች አሉበት። በመለያ ቃል የከተማ ስም፣ ለምሳሌ ቶኪዮ ወይም ኦሳካ ብላችሁ ፈልጉ። ከ2020 ጀምሮ ባንድካምፕ ፍራይዴይ በሚባሉት ቀናት ድርጅቱ ድርሻውን ስለሚተው ገንዘቡ ይበልጡን ለሙዚቀኛው ይደርሳል። ኦቶቶይ ደግሞ የጃፓን ሱቅ ነው፤ ከፍተኛ ጥራት ያላቸውን ፋይሎች መቅዳት የሚከለክል ቁልፍ ሳያደርግባቸው ይሸጣል። ሞራ የሚባለው የሶኒ ሱቅ ከጃፓን ውጭ ላለ ሰው አይሆንም።

ስለ ዳታ እናውራ፤ ቁም ነገር ነው። 45 ደቂቃ የሚሆን አልበም በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 ወደ 108 ሜጋባይት ነው። በሲዲ ጥራት በፍላክ ሲሆን ከ250 እስከ 300 ሜጋባይት አካባቢ ይደርሳል። ባለ 24 ቢት 96 ኪሎኸርትዝ ከሆነ ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል። የጃፓን የድምፅ ማኅበር የሚሰጠው ወርቃማ የሃይሬዝ (የከፍተኛ ጥራት) ምልክት የሚለጠፈው ቢያንስ ይህን የኋለኛውን ማጫወት በሚችል ዕቃ ላይ ነው። እኔ የምመክረው የሲዲ ጥራቱን ነው። የዳታው ወጪ አይጎዳችሁም፣ ጆሮም ይረካል።

ካላመናችሁኝ ፈትኑት። ኮምፒውተር ላይ ፉባር2000 የሚባለውን ነጻ ማጫወቻ ጫኑ። ኤቢኤክስ የሚባል ተጨማሪ አለው። አንዱን ዘፈን በፍላክና ከዚያው በተሠራ ኤምፒ3 አድርጋችሁ ስጡት። የቱ የትኛው እንደሆነ ሳይነግራችሁ ያጫውታል፤ እናንተ ትገምታላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ውጤቱን ያሳያል። ከአሥራ ስድስት ሙከራ ስምንት ዘጠኝ ካገኛችሁ እየገመታችሁ ነው። አሥራ ሦስት አሥራ አራት ካገኛችሁ በእርግጥ ትሰማላችሁ።

ፍላክ ነው ተብሎ የተሰጣችሁ ፋይል ከኤምፒ3 የተገለበጠ ሊሆን ይችላል። ስፔክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያጋልጠዋል። ፋይሉን ስትጎትቱበት የድምፁን ስፋት በቀለም ሥዕል ያሳያል። የሲዲ ጥራት ያለው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 22 ኪሎኸርትዝ አካባቢ ይወጣል። ሥዕሉ 16 ኪሎኸርትዝ ላይ በገደል እንደተቆረጠ ቀጥ ብሎ ካለቀ፣ መጀመሪያ 128 ኪሎቢት ኤምፒ3 ነበር ማለት ነው። የድሮ ካሴት ግን በተፈጥሮው ከላይ ቀስ እያለ ይደበዝዛል፤ ያንን ከማጭበርበር ጋር አታምታቱት።

ከቁጥሩ ሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ማስተሩ፣ ማለትም ለሕትመት የተዘጋጀው የመጨረሻ ቅጂ ነው። ዳይናሚክ ሬንጅ ዳታቤዝ የሚባለው ድረ ገጽ የአንድ አልበም እትሞች ምን ያህል ድምፃቸው እንደታፈነ በቁጥር ያነጻጽራል። ሲዲ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ የወጣው በጃፓን በጥቅምት ወር 1982 ነበር። የዚያ ዘመን የጃፓን ሲዲዎች ድምፃቸው ዝቅ ያለ ይመስላል፤ ቮልዩሙን ከፍ ስታደርጉት ግን ከበሮው በቦታው፣ ዘፋኙ በቦታው ሆነው ይሰማሉ።

6. ሲዲና ሸክላ ከጃፓን ማስመጣት

አዲስ ሲዲ ከሆነ በዋጋ አትንከራተቱ። የጃፓን ሕግ አሳታሚው የአዲስ ሲዲን የመሸጫ ዋጋ እንዲወስን ስለሚፈቅድ ሱቆቹ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ዋጋ ነው ያላቸው። የምታወዳድሩት የማጓጓዣውን ሒሳብ ነው። ሲዲጃፓን በእንግሊዝኛ ይሠራል፣ ወደ ብዙ አገር ይልካል፤ ለጀማሪ የሚሻለው እሱ ነው።

ያገለገለ ከሆነ ዲስክ ዩኒየንን ተመልከቱ። ቶኪዮ ውስጥ ለጃዝ፣ ለሮክ፣ ለክላሲካል የየራሳቸው ሱቅ ያላቸው ናቸው፤ ዕቃውን ሲገመግሙ ጥብቅ ናቸው። ያሁ ጨረታና መርካሪ ደግሞ ግለሰቦች የሚሸጡባቸው ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው ወደ ውጭ ስለማይልኩ መሐል ላይ ወኪል ያስፈልጋል። ባዪና ዜንማርኬት የሚባሉት ይህን ይሠራሉ። እነሱ በስማቸው ይገዛሉ፣ መጋዘናቸው ያስገባሉ፣ ከዚያ ወደ እናንተ ይልካሉ።

ሒሳቡን ከመጫረታችሁ በፊት በወረቀት አስቀምጡት። የዕቃው ዋጋ፣ የወኪሉ ክፍያ፣ ከሻጩ እስከ መጋዘኑ ያለው ማጓጓዣ፣ ዓለም አቀፍ ማጓጓዣው፣ ሲደርስ ደግሞ ቀረጥ። አንድ ሸክላ ብቻ ማስመጣት አያዋጣም። አምስት ስድስት አጠራቅማችሁ በአንድ ካርቶን አስጭኑ። መላኪያ ዝርዝራቸው ውስጥ አገራችሁ መኖሩንም ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ክፍያው አገር ቤት ላለ ሰው ዋናው እንቅፋት ነው። እነዚህ ድረ ገጾች በቴሌብር አይከፈሉም። የውጭ ምንዛሪ የሚያወጣ ካርድ ከባንክ ያለው በዚያ ይከፍላል። የሌለው ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ይጠይቃል። እንዲያ ከሆነ ዕቃውንም በቀጥታ እዚያው አስልኩትና ሰው ሲመጣ ይዞት ይምጣ። ሲዲ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይፈጅም።

አሁን ጃንኩ። በጨረታዎቹ ርዕስ ውስጥ ይህን ቃል ካያችሁ ሻጩ ለዕቃው ምንም ኃላፊነት አይወስድም ማለት ነው። ላይሠራ ይችላል፣ ላይፈተሽም ይችላል። መመለስ የለም። አንዳንዴ በጣም ደህና ዕቃ በጃንኩ ስም ይሸጣል፤ ሻጩ መፈተሻ ስለሌለው ብቻ። የሚጠግን ሰው በእጃችሁ ካለ ዕድል ነው። ከሌለ ግን ዶሳ ካኩኒን ዙሚ የሚለውን ብቻ ፈልጉ።

7. የድሮ የድምፅ ዕቃ የምትገዙ ከሆነ

የ1970ዎቹና የ80ዎቹ የጃፓን አምፕሊፋየሮች ዛሬም ይፈለጋሉ። ሳንሱይ፣ ፓዮኒር፣ ላክስማን፣ ያማሃ። አንዱ ዓይናችሁ ከገባ መጀመሪያ ኦዲዮ ኖ አሺያቶ የሚለውን የጃፓንኛ ድረ ገጽ ክፈቱና ሞዴሉን ፈልጉ። መቼ እንደወጣ፣ ያኔ በስንት የን ይሸጥ እንደነበር፣ ስንት ዋት እንደሆነ ይነግራችኋል። የያኔው ዋጋ ዕቃው በኩባንያው ውስጥ የትኛው ደረጃ ላይ እንደነበር ስለሚያሳይ ጠቃሚ መረጃ ነው። ቀጥሎ ሃይፋይ ኢንጂን ላይ ማኑዋሉን አውርዱ። ምዝገባ ይጠይቃል እንጂ ነጻ ነው። የጥገና ማኑዋሉን ለጠጋኙ ስጡት፤ በግምት ከመክፈት ያድነዋል። የሸክላ ማጫወቻ ከሆነ ቪኒል ኢንጂን መርፌውን የምታስተካክሉበትን በወረቀት የሚታተም መለኪያ ይሰጣል። ስታትሙት መጠኑ እንዳይቀነስ መቶ በመቶ በሚለው አትሙ።

ዕቃዎቹን ሃይፋይዱ በሚባለው የቶኪዮ ያገለገሉ ዕቃዎች ሱቅና ሃርድ ኦፍ በሚባለው የሱቆች ሰንሰለት ገጾች ላይ ታገኛላችሁ። ሃይፋይዱ የእያንዳንዱን ዕቃ ፎቶ ያወጣል። ከኋላ ያለውን ፎቶ አጉልታችሁ የኤሌክትሪክ መስመሩን ጽሑፍ አንብቡ።

እዚህ ላይ ነው ጥንቃቄው። ለጃፓን ገበያ የተሠራ ዕቃ የሚሠራው በ100 ቮልት ነው። የእኛ 220 ነው። በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል፤ ጭሱ ይወጣል፣ አለቀ። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር የግድ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ወደ 110 የሚያወርድ ነው። ለድሮ አምፕሊፋየር ያ አሥር በመቶ ትርፍ ቮልት ሙቀት ይጨምራልና በትክክል 100 የሚሰጥ ፈልጉ፣ ወይም አስጠቅልሉ። የትራንስፎርመሩ አቅም ዕቃው ጀርባ ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ በግማሽ ይብለጥ። አሜሪካ ያላችሁም አትዘናጉ፤ 120 ቮልት ለ100 ቮልት ዕቃ ይበዛበታል።

ኸርትዙስ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰኮንድ የሚርገበገብበት ቁጥር? ጃፓን ምሥራቁ 50፣ ምዕራቡ 60 ነው። እኛ ጋ 50 ነው። አምፕሊፋየሮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይቀበላሉ። በቀበቶ የሚዞር የድሮ ሸክላ ማጫወቻ ግን ፍጥነቱ በኸርትዙ ሊወሰን ይችላል። ለ60 የተዘጋጀው በ50 ሲሠራ ዘፈኑ ይጎተታል። የ50 ኸርትዝ መዘውር እንዳለው ሻጩን ጠይቁ። ፍጥነቱን በኳርትዝ ክሪስታል የሚቆጣጠር፣ ሞተሩ በቀጥታ የሚያዞረው ዓይነት ከሆነ ይህ ጣጣ የለበትም።

ሬዲዮ መቀበያ ቱነር ግን እንዳትገዙ። የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ሜጋኸርትዝ ይጀምርና የድሮዎቹ ዕቃዎች ላይ 90 ላይ ያልቃል፤ ከአዲሶቹም ብዙዎቹ ከ95 አያልፉም። ከጃፓን በመጣ ቪትዝ ውስጥ ሸገርን ሊከፍት የሞከረ ሰው ያውቀዋል። ሸገር 102.1፣ ፋና 98.1፣ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ናቸው፤ አንዳቸውም አይገቡም። መኪናው ላይ ድግግሞሹን የሚቀይር ትንሽ ዕቃ ይቀጠላል፤ ቤት ባለ ጥሩ ቱነር ላይ ግን ያ ዕቃ ድምፁን ያበላሸዋል። አምፕሊፋየሩን ብቻ ግዙ፣ ለቱነር ያሰባችሁትን ለትራንስፎርመሩ አድርጉት፣ ሬዲዮውን ደግሞ ከስልካችሁ በገመድ አስገቡት።